ሊዮን፦ የአውሮፓን የሴቶች እግር ኳስ የገዛው ክለብ ከየት ተነሣ?

ዮናስ_ቪለርባን (ክሩን የከፈተው)

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች። በሻምፒዮንስ ሊጉ ክር ላይ «ሊዮን ያሸነፈው ገንዘብ ስላለው ነው» የሚል አስተያየት በዝቶ ስላየሁ፣ ነገሩ የራሱ ክር ይገባዋል ብዬ ይህን ከፍቻለሁ። የምኖረው ከሊዮን ጎን ቪለርባን ነው፤ የሴቶቹን ቡድን ለዓመታት ተከታትያለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቡድኑ ሲወለድ የኦሎምፒክ ሊዮን አልነበረም። በ1970 ያቋቋመው ኤፍ ሲ ሊዮን የሚባል ሌላ የከተማው ክለብ ነው። ያ ቡድን በ1991፣ በ1993፣ በ1995 እና በ1998 የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆኗል። የኦሎምፒክ ሊዮን ፕሬዚዳንት ዣን ሚሼል ኦላስ በ2004 ጠቅልሎ ወደ ክለቡ ያስገባው ይህን ዋንጫ የለመደ ቡድን ነው። ሐሳቡን ያቀበለው ደግሞ ወዳጁም ተቀናቃኙም የነበረው የሞንፔልዬው ፕሬዚዳንት ሉዊ ኒኮላን ነው። የሞንፔልዬ ሴቶች በዚያ ሰሞን የ2004ንና የ2005ን ሊግ በተከታታይ ወስደዋል።

ያኔ የሊዮን ወንዶች ቡድን ከ2002 እስከ 2008 ሰባት ዋንጫ በተከታታይ ሲያነሣ በነበረበት ዘመን መካከል ነን። ኦላስ የሴቶቹን ቡድን ለፎቶ ያህል አስቀምጦ መተው ይችል ነበር። እሱ ግን ሐኪሙን፣ የልምምድ ሜዳውን፣ የጉዞ ዝግጅቱን ለሴቶቹም አደረገው። ሌላ ክለብ ያሉ ልጆች ቀን ሥራ ውለው ማታ በመብራት ሲለማመዱ፣ የሊዮኖቹ ጠዋት ተነሥተው ኳስ ብቻ የሚያስቡ ሆኑ። ልዩነቱን ያመጣው ይህ ነው። ስዊድናዊቷ ሎታ ሼሊን በ2008 ስትመጣ የመጣችው ሥራዬ ብላ ልትጫወት ነው።

የመጀመሪያው የሊግ ዋንጫ በ2007 ተነሣ። ከዚያ በኋላ እስከ 2020 ድረስ ማንም አልነካባቸውም፤ 14 ዓመት በተከታታይ። በአውሮፓ ደግሞ ስምንት ሻምፒዮንስ ሊግ፦ 2011፣ 2012፣ ከዚያ ከ2016 እስከ 2020 አምስቱን ሳያቋርጡ፣ እና 2022።

ግን መጀመሪያ ተሸንፈዋል። በ2010 ፍጻሜ ጌታፌ ላይ በጀርመኑ ቱርቢነ ፖትስዳም በመለያ ምት 7 ለ 6 ተረትተው ዋንጫው ከእጃቸው ወጣ። ያን ቡድን ለረጅም ጊዜ የገነባው አሰልጣኝ ፋሪድ ቤንስቲቲ ሄዶ ፓትሪስ ሌር መጣ። በዓመቱ ለንደን ክሬቨን ኮቴጅ ላይ ከዚያው ከፖትስዳም ጋር ተገናኝተው 2 ለ 0 አሸነፉ። ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፓሪስ ሴንት ዠርሜን ከሊዮን በላይ ያለው ገንዘብ እስካሁን አንድ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ባስገኘለት ነበር። የናንተን ሐሳብ ልስማ።

ናቲ_ሳሪስ

ዮኒ እናመሰግናለን፣ ቆንጆ አድርገህ አስቀምጠኸዋል። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ 14 ዓመት አንድ ክለብ ብቻ የሚያሸንፍበት ሊግ ምኑ ይታያል? ሁሉም ቀድሞ የሚያውቀውን ውጤት ለማየት ማን ስታዲየም ይገባል?

መኮንን_የድሮው

ናቲ የጠየቅኸው ጥያቄ መልሱ ከሊዮን በፊት ነው ያለው፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ።

በፈረንሳይ ሴቶች ኳስ መጫወት የጀመሩት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። ፓሪስ ውስጥ ፌሚና ስፖር የሚባል ክለብ በ1917 ጨዋታ አድርጓል። በ1920 በአሊስ ሚያ አደራጅነት የፈረንሳይ ሴቶች እንግሊዝ ድረስ ተጉዘው ዲክ ከር ሌዲስን ገጥመዋል። ከዚያ ነገሩ እየቀዘቀዘ ሄዶ በ1941 በጦርነቱ ጊዜ ከጀርመን ጋር ያበረው የቪሺ መንግሥት የሴቶችን እግር ኳስ አገደው። ፌዴሬሽኑ እንደገና እውቅና የሰጠው በ1970 ነው።

እውቅናው ከመሰጠቱ በፊት ግን ሜዳው ተሟሙቆ ነበር። በሬምስ ከተማ የጋዜጣ ሰው የነበረው ፒየር ጂኦፍሯ በ1968 ለአንድ በዓል ማድመቂያ የሚሆን ነገር ሲፈልግ የሴቶች ጨዋታ አሰበ። ተጫዋች ፍለጋ ማስታወቂያ ሲያወጣ ልጆቹ መጡለት፤ ለአንድ ቀን የታሰበው ቡድን ሳይበተን ቀረ። ስታድ ደ ሬምስ ከዚያ ተነሥቶ በ1975፣ በ1976፣ በ1977፣ በ1980 እና በ1982 አምስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ፈረንሳይ በሚያዝያ 1971 አዝብሩክ ላይ ኔዘርላንድስን 4 ለ 0 ባሸነፈችበት ጨዋታ፣ ዛሬ ፊፋ የመጀመሪያው የሴቶች ኢንተርናሽናል ብሎ በሚቆጥረው ማለት ነው፣ አሰልጣኙ ጂኦፍሯ ነበር።

በዚያው በ1968 በምዕራብ ፈረንሳይ አንጉሌም አጠገብ ሶዮ የምትባል ትንሽ ከተማም ቡድን አቋቋመች። በ1984 የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆናለች! ኮሪን ዲያክር፣ በኋላ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ የሆነችው፣ ተጫዋች በነበረችበት ዘመን ሁሉ ከሶዮ አልወጣችም። ከፓሪስ ደቡብ ደግሞ ዡቪዚ የሚባል ክለብ ነበር። ስድስት ዋንጫ አለው፤ የመጨረሻው የ2006 ነው። ዓመቱን ልብ በሉ። በማግሥቱ ሊዮን ጀመረ።

የእነዚህ ክለቦች ዕጣ ምን ሆነ? ዡቪዚ በ2017 በፓሪስ ኤፍ ሲ ተውጦ ስሙ ጠፋ። ሶዮ በ2023 ከአንደኛ ዲቪዚዮን ወርዶ በዚያው ዓመት በገንዘብ እጦት ፈረሰ። 55 ዓመት የሴቶች ኳስ ብቻ ሲያጫውት የኖረ ክለብ ነው። ኦላስ ጥሩ ሠራ፣ አልክድም። ነገር ግን እሱ ባወጣው ዋጋ መወዳደር የቻሉት የወንዶች ክለብ ከጀርባቸው ያላቸው ብቻ ናቸው። ማንም ሳያያቸው ሜዳውን ያቀኑት ሰዎች የሠሩት ቤት ውስጥ ቦታ አጡ። ሊዮንን ስናደንቅ ይህም አብሮ ይነገር ነው የምለው።

ትዕግስት_9ቁጥር

ጋሽ መኮንን ስለ ሶዮ ስላነሡልን እግዚአብሔር ይስጥልን። የመፍረሱ ዜና በወጣ ጊዜ እዚህ ማንም አንድ መስመር አልጻፈም ነበር።

እኔ ግን ስለ አንድ ሰው ልጻፍ፤ ስለ ዌንዲ ሬናር። የሊዮን ታሪክ ስሙ ማነው ቢባል እሷ ናት።

በማርቲኒክ ደሴት ነው የተወለደችው፣ በ1990። ከአራት እህትማማቾች የመጨረሻዋ ናት። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ ሞተ። በ16 ዓመቷ ውቅያኖስ ተሻግራ ክለርፎንቴን ወዳለው ብሔራዊ ማዕከል ለፈተና መጣች፤ አልፈለጓትም። እንደዚያ ሆና ሊዮን ለሙከራ ስትሄድ ቤንስቲቲ አያት፤ አስቀራት። 2006 ነበር። ማለትም 14ቱ ዋንጫዎች ሲጀመሩ ቡድኑ ውስጥ ነበረች፣ ሲያበቁም ነበረች፣ ስምንቱንም ሻምፒዮንስ ሊግ ይዛለች። የ2011ዱ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጎል የእሷ ነው።

ቁመቷ 1 ሜትር ከ87 ነው። የማዕዘን ምት ሲሻማ ሁለት ተከላካይ ይዟት እንኳ ከላያቸው ወጥታ በጭንቅላት ትመታዋለች፤ ያንን ሁሉም ያውቃል። እኔ የምወደው ሌላውን ነው። ኳስ ከኋላ ስትጀምር አትቸኩልም። አጥቂዋ እየሮጠች ስትመጣባት ቆማ ትጠብቃታለች፣ ልትደርስባት አንድ እርምጃ ሲቀር በቀኝ እግሯ ረጅሙን ኳስ ሰያፍ አድርጋ ለግራ ክንፍ ታወጣዋለች። ተከላካይ ሆኜ ብጫወት ኖሮ መማር የምፈልገው ያንን ነበር።

በየካቲት 2023 ደግሞ የዓለም ዋንጫ ወራት ሲቀሩት፣ ብሔራዊ ቡድኑ በሚመራበት ሁኔታ አልጫወትም ብላ ወጣች። በሳምንታት ውስጥ አሰልጣኟ፣ ጋሽ መኮንን ያነሷት ዲያክር፣ ተነሣች። ሬናር ተመልሳ ውድድሩን ተጫወተች። ከአንድ ክለብ ሳትወጣ ይህን ያህል ክብደት ያላት ተጫዋች በወንዶቹም ብዙ አላውቅም።

ሀብታሙ_ብላውግራና

የሊዮንን ታሪክ ማንም አይነካም፤ አክብረናል። ግን የአሁኑን እውነት እንነጋገር፦ ዘመኑ የባርሴሎና ነው። ቢልባኦ 2024፣ የሻምፒዮንስ ሊጉ ፍጻሜ፣ ሳን ማሜስ ላይ ከ50 ሺህ ሰው በላይ ባለበት ሊዮንን 2 ለ 0። ቦንማቲ ጀመረች፣ አሌክሲያ ፑቴያስ ተቀይራ ገብታ በባከነ ሰዓት ጨረሰችው። ሊዮን የቆመው በጉልበትና በቁመት ነው፤ ባርሳ ደግሞ ኳሱን ራሱን ቀየረው።

ዮናስ_ቪለርባን

ሀብታሙ ወንድሜ፣ ቢልባኦ ላይ ባርሳ የተሻለ ቡድን ነበር፤ በዚህ አንጣላም። «በጉልበትና በቁመት» ያልከውን ግን አልቀበልም። ሉዊዛ ኔሲብ፣ ካሚል አቢሊ፣ ዤኒፈር ማሮዣን፣ የትኛዋ ናት በጉልበት የተጫወተችው?

የ2019ን የቡዳፔስት ፍጻሜ ተመልሰህ እየው። ባርሳ በታሪኩ የመጀመሪያው ፍጻሜ ነበር። በ5ኛው ደቂቃ ማሮዣን፤ ከዚያ አዳ ሄገርበርግ በ14ኛው፣ በ19ኛው እና በ30ኛው። ግማሽ ሰዓት ሳያልፍ 4 ለ 0፣ ጨዋታው አለቀ። የባርሳን አንዷን ጎል በመጨረሻ ያገባችው ናይጄሪያዊቷ አሲሳት ኦሾዋላ ናት። የባርሳ ልጆች ራሳቸው ከዚያ ቀን በኋላ ነው ምን ያህል መሮጥ፣ ምን ያህል መጠንከር እንደሚያስፈልግ የገባን ያሉት። እናም ዛሬ የምታደንቀው ባርሳ ያን ምሽት ከሊዮን ተምሮ የተሠራ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

2022 ቱሪን ላይ ደግሞ ሁሉም ባርሳ ይወስዳል ሲል ነበር። 6ኛው ደቂቃ ላይ አማንዲን ኦንሪ መሀል ሜዳ አካባቢ ኳስ ነጠቀች፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ገፋች፣ ከሩቅ ለቀቀችው። ኳሱ ግብ ጠባቂዋን አልፎ ላይኛው ጥግ ገባ። ከዚያ ሄገርበርግ፣ ከዚያ ማካሪዮ። 3 ለ 1። የሊዮን አሰልጣኝ ሶኒያ ቦምፓስቶር ነበረች፤ በ2011 እና በ2012 ዋንጫውን በተጫዋችነት ያነሣች፣ ከዚያ የክለቡን አካዳሚ የመራች። ይህን ዋንጫ በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም ለመውሰድ የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ዛሬ ቼልሲ ላይ ናት፤ የእኛዋን ልጅ ናኦሚ ግርማን የምታሰለጥነውም እሷ ናት።

ናቲ የጠየቅኸውን አልረሳሁም። በሊጉ ውስጥ ተፎካካሪ ነበረ፤ እሱም ፓሪስ ሴንት ዠርሜን። ካርዲፍ ላይ በ2017 የአውሮፓ ፍጻሜ ሁለቱ ተገናኝተው 120 ደቂቃ ጎል የለም፤ መለያ ምቱ እስከ ግብ ጠባቂዎቹ ደረሰ። የፓሪሷ ኪየድዥኔክ ወደ ውጭ ላከችው። ሳራ ቡሃዲ ኳሱን ራሷ አስቀምጣ ራሷ አስቆጠረች፣ 7 ለ 6። በኅዳር 2019 ሁለቱ በሊዮን ትልቁ ስታዲየም ሲጫወቱ 30,661 ሰው ገብቷል፤ በፈረንሳይ ሊግ ያኔ ክብረ ወሰን ነበር። በዓመቱ ደግሞ ፓሪስ 1 ለ 0 አሸንፎ የሊዮንን 80 የሊግ ጨዋታ ያለ ሽንፈት ጉዞ አቆመ፤ የ2021ን ዋንጫም ወሰደ። ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ የታወቀ ሊግ ነበር የሚለው ለአብዛኛው ዓመት እውነት ነው፤ ለእነዚያ ሁለት ጨዋታዎች ግን አይደለም።

ሳራ_ብራስልስ

ሁላችሁም ስለ ዋንጫ ስታወሩ አንድ ነገር ሳይነሣ እንዳያልፍ። «ሴቶችን እኩል ያየ ክለብ» የሚለው ስም ሲነገር የሳራ ብዮርክ ጉናርስዶቲር ጉዳይም አብሮ መነገር አለበት።

አይስላንዳዊት ናት፤ የአገሯ ብሔራዊ ቡድን አምበል የነበረች። በ2020 ክረምት ከቮልፍስቡርግ ወደ ሊዮን ተዘዋወረች። በነሐሴ ሳን ሴባስቲያን ላይ ፍጻሜው ከቮልፍስቡርግ ጋር ሆነ፤ በኮሮና ምክንያት አንድም ተመልካች በሌለበት ስታዲየም 2 ለ 1 ሲሆን፣ 88ኛው ደቂቃ ላይ ሦስተኛውን ጎል በቀድሞ ክለቧ ላይ አገባች። ሰባተኛው ዋንጫ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት አረገዘች። ወደ አገሯ ሄዳ ለመውለድ ከክለቡ ጋር ተስማምታ ሄደች፤ ደመወዟ ግን እንደሚገባው አልገባም። ጠየቀች፣ አሁንም ጠየቀች። በመጨረሻ ጉዳዩን የተጫዋቾች ማኅበሩ ፊፍፕሮ ይዞላት ወደ ፊፋ ደረሰ። ፊፋ በ2021 መጀመሪያ ለነፍሰ ጡር ተጫዋቾች አዲስ ሕግ አውጥቶ ነበር፦ ቢያንስ 14 ሳምንት ክፍያ ያለው ፈቃድ። ፍርዱ ለእሷ ሆነ፤ ሊዮን ከ82 ሺህ ዩሮ በላይ እንዲከፍል ተወሰነበት። ታሪኩን በጥር 2023 ራሷ ስትጽፈው ብዙ የሴቶች ኳስ ተከታታዮች ያነበቡት በድንጋጤ ነው።

ይህን የማነሣው ሊዮንን ለማንቋሸሽ አይደለም። ምርጥ የሚባለው ክለብ እንኳ አንዲት ተጫዋች እናት ስትሆን ምን ማድረግ እንዳለበት አላወቀም። ዛሬ ኮንትራት የምትፈርም ልጅ ያ ፍርድ ከኋላዋ አለ።

ዮናስ_ቪለርባን

እህቴ ሳራ፣ ይህን በማንሣትሽ አመሰግናለሁ። ክለቡን የሚወድ ሰው ይህን ሊከላከል አይገባም፤ እኔም አልከላከልም። ውሳኔው ትክክል ነበር።

ናቲ_ሳሪስ

አሁን ክለቡ የማነው? ስሙም ተቀይሯል ሲሉ ሰማሁ። ሴቶቹ የራሳቸው ባለቤት አላቸው የሚባለውስ እንዴት ነው?

ዮናስ_ቪለርባን

ናቲ፣ ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል። ኦላስ በ2022 መጨረሻ ክለቡን ለአሜሪካዊው ጆን ቴክስተር ሸጠ፤ በግንቦት 2023 ከፕሬዚዳንትነቱም ወረደ። በዚያው ወቅት የአሜሪካው የሴቶች ክለብ የዋሽንግተን ስፒሪት ባለቤት የሆነችው ሚሼል ካንግ፣ በደቡብ ኮሪያ ተወልዳ አሜሪካ ሀብት ያፈራች ናት፣ የሴቶቹን ቡድን አብላጫ ድርሻ ለብቻው ገዛች። ያኔ ሴቶቹና ወንዶቹ በባለቤትነት ተለያዩ። እንግሊዝ ውስጥም ለንደን ሲቲ ላይነሲስ የእሷ ነው።

በግንቦት 2025 ስሙ ኦ ኤል ሊዮን የሚል ሆነ፤ በፈረንሳይኛ በሴት ጾታ የተጻፈ፣ ዓርማውም ሴት አንበሳ። ዋና ሜዳቸውም ትልቁ ስታዲየም እንዲሆን ተወሰነ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ በፊት አብዛኛውን የሊግ ጨዋታ የሚያደርጉት ዴሲን ልምምድ ማዕከል ውስጥ ባለችው 1,500 ያህል መቀመጫ ባላት ሜዳ ነበር። እዚያ ገብቼ አይቻለሁ። ከመስመሩ ጥቂት እርምጃ ላይ ነው የምትቆመው፤ ሬናር ተከላካዮቿን በስማቸው ስትጠራ፣ ቅጣት ምት ከመመታቱ በፊት አማካዮቹ ሲነጋገሩ፣ ጫማ ኳስ ላይ ሲያርፍ ሁሉ ይሰማል። ሕፃናት አጥሩ ላይ ተደግፈው ፊርማ ይጠብቃሉ። ለተመልካች ገነት ነው። ግን የስምንት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን የሚጫወትበት ቦታ አይደለም። አሁን ከፓር ዲዩ ቲ3 ትራም ይዘህ 59 ሺህ ወደሚይዘው ስታዲየም ትሄዳለህ፤ ላይኛው ፎቅ ባዶ ቢሆንም ሜዳው የእነሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚደንቀኝ የ2025 ክረምት ነው። የቴክስተር ዕዳ በዝቶ የሒሳብ ተቆጣጣሪው አካል የወንዶቹን ቡድን ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን አወረደው። ቴክስተር ከኃላፊነት ተነሥቶ ካንግ የመላው ክለብ ፕሬዚዳንት ሆነች፤ ይግባኙን ይዛ ቀርባ ወንዶቹ በአንደኛ ዲቪዚዮን እንዲቀሩ አደረገች። በ2004 ወንዶቹ ሴቶቹን አስገቡ፤ በ2025 የሴቶቹ ባለቤት ወንዶቹን አወጣች።

ትዕግስት_9ቁጥር

ካንግን አደንቃታለሁ፤ ግን አንድ ስጋት አለኝ። አንድ ሰው ሦስት አገር ሦስት ክለብ ሲይዝ ከመሀል አንዱ ለሌላው መጋቢ ይሆናል። አሰልጣኙ ዮናታን ሂራልዴዝ ከዋሽንግተን ወደ ሊዮን የመጣው እንደዚያ ነው፤ አንዱ የካንግ ክለብ ለሌላው የካንግ ክለብ አሰልጣኝ ሰጠ። የዋሽንግተን ደጋፊ ብሆን ይቆረቁረኝ ነበር። ሰውየው በ2024 ቢልባኦ ላይ ሊዮንን ያሸነፈውን ባርሳ ያሰለጠነ መሆኑን ደግሞ ሀብታሙ ሳይነግረን ቀረ።

አሰልጣኝ መቀየር ያስፈለገው ግን ግልጽ ነው። በ2025 የሻምፒዮንስ ሊጉ ግማሽ ፍጻሜ ሊዮን ለንደን ሄዶ አርሰናልን 2 ለ 1 አሸንፎ፣ በሜዳው 4 ለ 1 ተሸነፈ። ያውም በጆ ሞንቴሙሮ፣ በቀድሞው የአርሰናል አሰልጣኝ ዘመን። ያን ጨዋታ ያየሁት በሕመም ነው።

ከዚያ በኋላ ያመጧቸውን ልጆች እዩ። ከፓሪስ ማሪ-አንቷኔት ካቶቶን ወሰዱ፤ ያውም የ80ውን ጨዋታ ጉዞ ያቆመችውን ጎል ያገባችውን! ከሬምስ በ2023 የመጣችው ሄይቲያዊቷ ሜልሺ ዱሞርኔ ደግሞ አሁን ለእኔ የቡድኑ ምርጧ ናት። ከጀርባ ተደግፋ ኳስ ተቀብላ ስትዞር የሚያቆማት የለም።

ናቲ_ሳሪስ

ሊሊ ዮሐንስስ? ስሟን ዝርዝሩ ላይ አይቼ ነው ወደዚህ ክር የገባሁት እኮ።

ትዕግስት_9ቁጥር

እሷን ለመጨረሻ አስቀምጫት ነበር። የዘር ሐረጓ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ የሚመዘዝ ነው፤ የተወለደችው በ2007 ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ቤተሰቧ ወደ ኔዘርላንድስ ሄዶ እዚያ አያክስ አሳደጋት። 16 ዓመቷ ላይ በሻምፒዮንስ ሊጉ ምድብ ጨዋታ ከመጀመሪያው ደቂቃ የተሰለፈች በዕድሜ ትንሿ ተጫዋች ሆነች። በሰኔ 2024 ለአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታዋን ከደቡብ ኮሪያ ጋር ተቀይራ ገብታ አገባች። ኔዘርላንድስም ፈልጋት ነበር፤ አሜሪካን መረጠች። በ2025 ክረምት ሊዮን ከአያክስ ወሰዳት።

አማካይ ናት፤ ስድስት ቁጥርም ስምንት ቁጥርም ትጫወታለች። ኳስ ከመድረሱ በፊት ሁለቴ ትከሻዋን አዙራ ታያለች፣ ስለዚህ ስትቀበል ወዴት እንደምትሄድ ወስናለች። ያንን በዚያ ዕድሜ የሚያደርግ ብዙ የለም። በአቢሊ፣ በኦንሪ፣ በማሮዣን ቦታ ላይ ያውም አሥራዎቹን ሳትጨርስ መቆም ከባድ ነው። ከአሁኑ ኮከብ ብለን ባንጭንባት ደስ ይለኛል።

መኮንን_የድሮው

የልጅቷን ዜና ስሰማ እኔም ደስ ብሎኛል።

ወደ ክርክሩ ስመለስ ግን ዮናስ አንድ ነጥብ ላይ አልተግባባንም። አንተ ሊዮን ወሰነና አደገ ትላለህ፤ እውነት ነው። እኔ የምለው ውሳኔው የአንድ ሰው ከሆነ ሰውየው ሲሄድ አብሮ ሊሄድ ይችላል ነው። ከኦላስ ወደ ካንግ ያለ ጉዳት መሻገሩ ዕድልም አለበት። ሶዮ እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመውም። ሊጉ በ2024 የሙያ ሊግ ሆኖ የተደራጀው፣ ኦላስም ሊቀመንበሩ የሆነው፣ ይህን ለማስተካከል ከሆነ ሥራው ገና ነው፦ ከአንድ ባለሀብት ትከሻ ወርዶ በራሱ ገቢ መቆም የሚችል ክለብ እንዲኖር ማድረግ።

የዡቪዚን ነገር ስጨርስ ደግሞ፣ ስሙ ቢጠፋም ቡድኑ አልሞተም። ያው ቡድን ፓሪስ ኤፍ ሲ ሆኖ በ2023 አርሰናልን በመለያ ምት፣ ቀጥሎ ቮልፍስቡርግን ጥሎ ምድብ ገባ። በግንቦት 2025 የፈረንሳይን ዋንጫ ፍጻሜ ከፓሪስ ሴንት ዠርሜን ጋር ያለ ጎል ጨርሶ በመለያ ምት ወሰደው። ዡቪዚ ይህን ዋንጫ የወሰደው በ2005 ነበር። የድሮ ደጋፊዎቹ ያን ቀን ምን እንደተሰማቸው መገመት አያቅተኝም።

ዮናስ_ቪለርባን

ጋሼ፣ ነጥቡን ተቀብያለሁ፤ የምለየው በአንድ ነገር ነው። ኦላስ ከሄደ በኋላ የቡድኑ አቋም ያልተናጋው በዕድል ብቻ አይመስለኝም። በ2024 የሊጉ ፍጻሜ ፓሪስ ሴንት ዠርሜንን 2 ለ 1፣ በ2025 ደግሞ 3 ለ 0 አሸንፎ ሊጉን ወሰደ፤ ባለቤቱ እየተቀየረ ባለበት ሰዓት። ቤቱን ያቆሙት በውስጡ ያደጉት ሰዎች ናቸው፦ ቦምፓስቶር፣ አቢሊ፣ ሬናር፣ ለ ሶሜር። ገንዘቡ ከውጭ ይመጣል፤ እነሱ ግን እዚያው የተሠሩ ናቸው።

ሀብታሙ_ብላውግራና

እሺ፣ ለማየት የምትመክሩኝ ሙሉ ጨዋታ ካለ ንገሩኝ። ቡዳፔስትን እንኳ ይቅር በሉኝ።

ትዕግስት_9ቁጥር

ኪየቭ፣ ግንቦት 2018፣ የሻምፒዮንስ ሊጉ ፍጻሜ ከቮልፍስቡርግ ጋር። 90ው ደቂቃ 0 ለ 0 ነው፤ ጊዜ ከሌለህ ከጭማሪው ሰዓት ጀምር። ሃርደር በ93ኛው ለቮልፍስቡርግ ታገባለች። ፖፕ በሁለተኛ ቢጫ ትወጣለች። ከዚያ በ98ኛው ኦንሪ፣ በ99ኛው ለ ሶሜር፣ በ103ኛው ሄገርበርግ፤ ተቀይራ የገባችው ቫን ደ ሳንደን በቀኝ ክንፍ እየሮጠች ተከላካዩን ስትበትነው ታያለህ። አራተኛውን በ116ኛው ያገባችው አቢሊ ናት፤ በዚያ የውድድር ዘመን መጨረሻ ጫማዋን ሰቀለች። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሄገርበርግ የመጀመሪያውን የሴቶች ባሎን ዶር ወሰደች።

ዮናስ_ቪለርባን

ትዕግስት የመረጠችውን እደግፋለሁ። ከዚያ በኋላ ቱሪንን ጨምር ሀብታሙ። የቀጣዩን ጨዋታ ትኬት የምትፈልጉ፣ በተለይ ከጄኔቭና ከግሬኖብል የምትመጡ ልጆች፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አንድ ላይ እንድንቀመጥ ከሬናር የማዕዘን ምት ትይዩ ያለውን የታችኛውን ረድፍ እይዛለሁ።